የስፓኒሽ ጥያቄና መልስ፦ «ሶሊሲታር» በማመልከቻና በሥራ ደብዳቤ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ግሥ ዙሪያ ናቸው። ግሡ «ሶሊሲታር» ነው፤ ማመልከት፣ በመደበኛ ወግ መጠየቅ ማለት ነው። የስፓኒሹን ቃላት በሚነገሩበት ድምፅ በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ማድሪድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። የዓመት ፈቃድ ለመጠየቅ ለኃላፊዬ ስጽፍ «ፒዶ» ብዬ ጀመርኩ፤ የሥራ ባልደረባዬ «ሶሊሲቶ» በይ አለችኝ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁልጊዜ «ሶሊሲታር» ብል ይሻላል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ትክክል ናት። «ፔዲር» ለማንኛውም መጠየቅ ይሆናል፤ ሻይ ሲታዘዝም፣ ጓደኛ መቶ ዩሮ ሲጠየቅም። «ሶሊሲታር» ግን ጉዳዩ ፋይል ውስጥ የሚገባ፣ የሚወስን ኃላፊ ያለበት፣ «ተፈቅዷል» ወይም «አልተፈቀደም» የሚል መልስ የሚጠበቅበት ሲሆን ነው። በአማርኛ ለጓደኛችን «አመለክትልሃለሁ» እንደማንል ሁሉ፣ በስፓኒሽም ለአስተናጋጅ «ሶሊሲቶ ኡን ካፌ» ቢሉት የፖሊስ ቃል መቀበያ ላይ የተጻፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ አይሆንም። ለፈቃድ፣ ለቪዛ፣ ለምስክር ወረቀት፣ ለስኮላርሺፕ፣ ለብድር፣ ለቀጠሮና ለሥራ ቦታ ግን ቦታው የእሱ ነው።

ለፈቃድ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፦ «ሶሊሲቶ ዲስፍሩታር ዴ ሚስ ባካሲዮኔስ ዴል 1 አል 15 ዴ አጎስቶ»፤ የዓመት ፈቃዴን ከኦገስት 1 እስከ 15 እንድወስድ አመለክታለሁ ማለት ነው። «ዲስፍሩታር» በተራ ንግግር መደሰት ቢሆንም፣ በሠራተኛ ወረቀት ላይ ፈቃድን መውሰድ ማለት ነው፤ በስፔን የሠራተኛ ሕግም የሚሠራበት ቃል ይኸው ነው። ሕጉ በዓመት ከ30 የቀን መቁጠሪያ ቀናት ያላነሰ ፈቃድ ይሰጣል፤ ሠራተኛውም ፈቃዱ የሚጀምርበትን ቀን ቢያንስ ከ2 ወር በፊት ማወቅ አለበት። ለኦገስት ፈቃድ ማመልከቻውን በጁላይ ማስገባት ዘግይቷል።

ከዚህ ጋር አብረው የሚመጡ ግሦች ስላሉ እነሱንም እንለያቸው። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስህተት ከሰዋስው ስህተት ይበልጥ ይጎዳል።

«ሮጋር» መለመን ነው፤ በቢሮ ስፓኒሽ ግን «ሌ ሩዌጎ ኬ…» ጨዋ የሆነ ማሳሰቢያ ሆኗል። ሆስፒታል ግድግዳ ላይ «ሴ ሩዌጋ ሲሌንሲዮ» የሚለው ጸጥታ ይከበር ማለት ነው። ለአለቃ ሲጻፍ ትንሽ ግፊት አለበት፤ ቀድሞ ለተጠየቀና መልስ ለዘገየ ጉዳይ ቢያቆዩት ይሻላል።

«ሬኬሪር» የባለሥልጣን ግሥ ነው። መሥሪያ ቤት ሰነድ አሟሉ ሲል የሚልከው ደብዳቤ «ሬኬሪሚዬንቶ» ይባላል፤ የጊዜ ገደብ አለው፣ ካልመለሱለት መዘዝ አለው። እንግሊዝኛ የለመዱ ሰዎች ለኃላፊያቸው «ሌ ሬኬሮ…» ብለው የሚጽፉት ትሕትና መስሏቸው ነው፤ የሚነበበው ግን እንደ ትእዛዝ ነው። (ትክክለኛው እርባታ «ሬኪዬሮ» ነው፤ ያም ቢሆን ለአለቃ አይጻፍም።) «ኤክሲኺር» ከዚህም ይብሳል፤ አስገድዶ መጠየቅ ነው። «ዴማንዳር» በስፔን ውስጥ በመጀመሪያ ጆሮ ላይ የሚያመጣው ክስን ነው፤ በፈረንሳይኛ ተመሳሳዩ ቃል ተራ መጠየቅ ስለሆነ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ አንባቢዎች በተለይ ይጠንቀቁ።

የመጨረሻው «ሬክላማር» ነው፤ የሚገባን ነገር እንደ መብት መጠየቅ ማለት ነው። ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ካለዎት «ሶሊሲታር» አይበሉ። «ሶሊሲታር» ሰጪው ሊከለክለው የሚችለውን ነገር እንደ መጠየቅ ነው፤ የሠሩበት ገንዘብ ግን የእርስዎ ነው። «ሬክላሞ ኤል ፓጎ ዴ ላስ ኦራስ ኤክስትራ» ማለት ተገቢ ነው፤ ባለጌም አያሰኝም። ብዙ ወገኖቻችን መብታቸውን እንደ ልመና አድርገው ስለሚጽፉ፣ ይህቺን ልዩነት አጥብቀን እንድትይዙልን እንፈልጋለን።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ስፓኒሽ እየተማርኩ ነው። «ሶሊሲቴ ፓራ ኡን ትራባኾ» ብዬ ስጽፍ መምህሬ «ፓራ»ን ይሰርዝብኛል፤ «ፖር» ባደርገውም ይሰርዘዋል። ለምን?

መልስ፦ «ሶሊሲታር» የሚጠየቀውን ነገር ያለ መስተዋድድ በቀጥታ ስለሚወስድ ነው። «ሶሊሲቴ ኡን ትራባኾ» በቂ ነው። «ፓራ» የሚመጣው ከአማርኛው «ለሥራ አመለከትኩ» ነው፤ «ፖር» ደግሞ ከእንግሊዝኛው። ሁለቱም በስፓኒሽ ቦታ የላቸውም።

የሚጠየቀው አካል በ«አ» ይመጣል፦ «ሶሊሲቶ አ ላ ዲሬክሲዮን ኡን ሴርቲፊካዶ»፤ አስተዳደሩን የምስክር ወረቀት እጠይቃለሁ። «ፓራ» የሚፈቀደው ተጠቃሚው ሌላ ሰው ሲሆን ነው፦ «ሶሊሲቶ ኡና ቤካ ፓራ ሚ ኢኻ»፤ ለልጄ ስኮላርሺፕ አመለክታለሁ። እዚህ ላይ «ፓራ» ልጅቷን እንጂ ስኮላርሺፑን እንዳልያዘ ልብ ይበሉ።

ተውላጠ ስም ሲገባ፣ ተጠያቂው አንድ ሰው ከሆነ «ሌ»፣ ብዙ ከሆኑ «ሌስ» ይሆናል፦ «ሌ ሶሊሲቶ»፣ «ሌስ ሶሊሲቶ»። ነገሩም ሰውየውም በተውላጠ ስም ሲተኩ «ሌ» ወደ «ሴ» ይለወጣል። ደረሰኙን ጠይቀዋቸው ከነበረ «ሴ ላ ሶሊሲቴ» ነው፤ «ፋክቱራ» አንስታይ ስለሆነች «ላ»። «ሌ ላ» የሚባል ቅንጅት በስፓኒሽ የለም።

ሌላው ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ ስንጠይቅ «ኬ» ይመጣል፤ ከ«ኬ» በኋላ ግሡ ሱብኹንቲቦ የሚባለውን ቅርጽ ይይዛል። ለአማርኛ ተናጋሪ እዚህ ጋር ጥሩ መለያ አለ፤ በአማርኛ ስናስበው «እንዲ…» ያልነው ግሥ በስፓኒሹ ሱብኹንቲቦ ይሆናል። «የምስክር ወረቀቱን እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ» ካልን «ሶሊሲቶ ኬ ሜ ኤንቢዬን ኤል ሴርቲፊካዶ» ነው። «ኤንቢያን» ብሎ መተው በአማርኛ «ይልኩልኛል እጠይቃለሁ» እንደ ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በ«አር» የሚያልቅ ግሥ መጨረሻው ወደ «ኤ» ይዞራል (ኤንቢያር፣ ኤንቢዬ)፤ በ«ኤር» ወይም «ኢር» የሚያልቅ ደግሞ ወደ «አ» (ኮንሴዴር፣ ኮንሴዳ)። «ኤክስፒዳ» የ«ኤክስፔዲር» ነው፤ መሥሪያ ቤት ሰነድ አዘጋጅቶ ሲሰጥ የሚባልበት ስለሆነ ከ«ሶሊሲታር» ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል። ያለፈ ጊዜ ሲሆን «ሶሊሲቴ ኬ ሜ ኤንቢያራን» ይላሉ።

ጠያቂውም አድራጊውም አንድ ሰው ከሆነ «ኬ» አያስፈልግም፤ «ሶሊሲቶ ፓርቲሲፓር ኤን ኤል ኩርሶ»፣ በሥልጠናው እንድሳተፍ አመለክታለሁ። «ሶሊሲቶ ዴ ኬ» ግን በየትኛውም አገር ስህተት ነው። በነጋዴና በባንክ ደብዳቤዎች ላይ «ኬ» ተዘልሎ «ሌ ሶሊሲታሞስ ኖስ ኤንቢዬ…» የሚል ሊያዩ ይችላሉ። የተለመደ ወግ ስለሆነ ስህተት አይባልም፤ በመካከሉ ሌላ ቃል ከገባ ግን ይበላሻልና ለተማሪ «ኬ»ን መያዝ ይበጃል።

ጥያቄ፦ በስፔን ምሥራቅ ጠረፍ እኖራለሁ። የነዋሪነት ምስክር ወረቀት ፈልጌ ለማዘጋጃ ቤት በእጄ የጻፍኩት ማመልከቻ «ሱብሳናሲዮን» የሚል ደብዳቤ ተያይዞበት ተመለሰ። ቅጹ «ኤክስፖኔ» እና «ሶሊሲታ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉት፤ በየትኛው ምን እንደሚጻፍ ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ «ሱብሳናሲዮን» ማረም፣ ማሟላት ነው። ማመልከቻዎ አልወደቀም፤ ቀኑ ግን መቁጠር ጀምሯል። በስፔን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ማለትም በ2015 በወጣው ሕግ ቁጥር 39፣ አንቀጽ 68 መሠረት የጎደለውን ለማሟላት 10 ቀን ይሰጣል። ቀናቱ የሥራ ቀናት ናቸው፤ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት አይቆጠሩም። ካላሟሉ «ዴሲስቲዶ» ይሉዎታል፤ ጥያቄዎን እንደተዉት ተቆጥሮ ፋይሉ ይዘጋል። ስለዚህ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን አሁኑኑ ጽፈው ይያዙ።

አሁን ወደ ሳጥኖቹ። «ኤክስፖኔ» ማለት «ያስረዳል» ነው፤ እዚያ የሚጻፈው እውነታው ብቻ ነው፤ ማን እንደሆኑ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖሩ፣ ሰነዱ ለምን እንዳስፈለገ። «ሶሊሲታ» ማለት «ያመለክታል» ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚፈልጉት ነገር ብቻ ይጻፋል። በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ችግር ልመናው «ኤክስፖኔ» ውስጥ ይገባና «ሶሊሲታ» ውስጥ «እባካችሁ ተባበሩኝ» ብቻ ተጽፎ መቅረቱ ነው። መዝገብ ቤቱ የሚያየው ሁለተኛውን ሳጥን ነው፤ እዚያ ሰነዱ በስሙ ካልተጠራ ወዴት ክፍል እንደሚመራው አያውቅም። የአማርኛ ማመልከቻ ላይ «ጉዳዩ፦» ብለን የምናሰፍረው ነገር ተስፋፍቶ የሚጻፍበት ቦታ ነው ብለው ይያዙት።

ሁለቱም ቃላት ሦስተኛ መደብ ናቸው፤ ስለ ራስዎ «እሷ» ብለው ነው የሚጽፉት። እንዲህ፦

«ዶኛ (ስም)፣ ኮን ኒዬ (ቁጥር) ኢ ዶሚሲሊዮ ኤን (አድራሻ)፣ ኤክስፖኔ፦ ኬ ሬሲዴ ኤን ኤስቴ ሙኒሲፒዮ ዴስዴ ኤል 12 ዴ ኤኔሮ ዴ 2024። ሶሊሲታ፦ ኬ ሴ ሌ ኤክስፒዳ ኡን ሴርቲፊካዶ ዴ ኤምፓድሮናሚዬንቶ።» ትርጉሙ፦ ወይዘሮ (ስም)፣ የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥሯ (ቁጥር)፣ አድራሻዋ (አድራሻ) የሆነ፣ ታስረዳለች፦ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2024 ጀምሮ በዚህ ማዘጋጃ ቤት ክልል እንደምትኖር። ታመለክታለች፦ የነዋሪነት ምስክር ወረቀት እንዲሰጣት።

«ሴ ሌ ኤክስፒዳ» ላይ ያለው «ሌ» «ለእሷ» ነው። «ሶሊሲታ» ብለው ጀምረው «ሴ ሜ ኤክስፒዳ»፣ ማለትም «ለእኔ» ብለው ቢጨርሱ መደቡ ይጋጫል። በዚህ ብቻ ማመልከቻ አይመለስም፤ ጽሑፉ ግን የተለጣጠፈ ይመስላል። በራስዎ ወረቀት በአንደኛ መደብ መጻፍ ከፈለጉ ከላይ እስከ ታች «ኤክስፖንጎ»፣ «ሶሊሲቶ»፣ «ሴ ሜ ኤክስፒዳ» ያድርጉት።

ማመልከቻዎች ብዙ ጊዜ የሚመለሱት በቋንቋው ሳይሆን አንቀጽ 66 ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ሲጎድል ነው። ሙሉ ስም፤ ማስታወቂያ የሚደርስበት አድራሻ ወይም የኤሌክትሮኒክ መንገድ፤ እውነታው፣ ምክንያቱና ጥያቄው በግልጽ፤ ቦታና ቀን፤ ፊርማ፤ የሚቀርብለት መሥሪያ ቤት። በእጅ በተጻፉ ማመልከቻዎች ላይ ፊርማና የሚቀርብለት መሥሪያ ቤት ቶሎ ይረሳሉ። ቀኑ «ኤን ባሌንሲያ፣ አ 3 ዴ ማርሶ ዴ 2025» በሚለው መልክ ከታች ይጻፋል፤ ከፊርማው በታች ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ስም በትልልቅ ፊደል ይሰፍራል። በኢትዮጵያ «ለ… ጽሕፈት ቤት» ብለን ከላይ የምንጽፈውን እነሱ ግርጌ ላይ ያደርጉታል።

ስለ ሰነዱም አንድ ነገር እንጨምር። «ቦላንቴ» እና «ሴርቲፊካዶ» የተለያዩ ናቸው። «ቦላንቴ» ለመረጃ ያህል የሚሰጥ ሲሆን ለዕለት ተዕለት ጉዳይ ይበቃል። «ሴርቲፊካዶ» ሕጋዊ ማረጋገጫ ስለሆነ ለፍርድ ቤት፣ ለኤምባሲና ለውጭ አገር ጉዳይ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከዚህ በፊት የኖሩባቸውን ምዝገባዎች ጭምር ካስፈለገዎት «ኢስቶሪኮ» የሚለውን ቃል ይጨምሩ፤ ካልጨመሩ የአሁኑን አድራሻ ብቻ ይሰጡዎታል።

ሲያስገቡ «ኹስቲፊካንቴ» ሳይቀበሉ አይውጡ። የመግቢያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ያለበት ማረጋገጫ ነው። ዋና ሰነድ ካቀረቡ መዝገብ ቤቱ ቃኝቶ ይመልስልዎታል። ግለሰብ በኢንተርኔት የማስገባት ግዴታ በአጠቃላይ ደንቡ የለበትም፤ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ፣ በፖስታ ቤት ወይም ከስፔን ውጭ ከሆኑ በስፔን ቆንስላ ማስገባት ይቻላል። በፖስታ ቤት ሲሆን ፖስታውን ሳያሽጉ ይሂዱ፤ ቀኑ ማመልከቻው ራሱ ላይ እንዲመታ ነው።

ጥያቄ፦ በቋንቋ ቡድናችን ውስጥ «አፕሊካር» ስል ይስቁብኛል። አፕላይ ማድረግ ማለት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ «አፕሊካር» ቅባት መቀባት፣ ደንብን ተግባራዊ ማድረግ፣ ቅናሽ ማስላት ነው። «አፕላይ አደረግሁ» ማለትን በአማርኛችን ስለለመድነው ወደ ስፓኒሹም ይዘነው እንገባለን። በላቲን አሜሪካ በንግግር «አፕሊካር አ ኡን ፑዌስቶ»፣ ለሥራ ቦታ ማመልከት፣ ሲባል ይሰማል፤ በስፔን ግን ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። «ሶሊሲታር ኤል ፑዌስቶ» በሁሉም አገር ያስኬዳል። ለሥራ ውድድር በስፔን «ፕሬሴንታር ሚ ካንዲዳቱራ»፣ በላቲን አሜሪካ «ፖስቱላርሜ» ማለትም ያምራል።

ጥያቄ፦ በቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ከስፔን ገዢ «ሶሊሲታሞስ ኡና ሙዌስትራ» የሚል ኢሜይል መጣልን። እንዴት ነው የሚመለሰው? እኛስ በተራችን የባንክ ሰነድ ስንጠይቅ ምን ብለን እንጻፍ?

መልስ፦ «ሙዌስትራ» ናሙና ነው። ሲመልሱ ጥያቄያቸውን በስሙና በቀኑ ይጥቀሱት፤ ስሙ «ላ ሶሊሲቱድ» ነው፣ አንስታይ። «ኤን ሬስፑዌስታ አ ሱ ሶሊሲቱድ ዴል 4 ዴ ፌብሬሮ፣ ሌስ ኤንቢያሞስ ኡና ሙዌስትራ ዴ 300 ግራሞስ»፤ በፌብሩዋሪ 4 ላቀረባችሁት ጥያቄ መልስ 300 ግራም ናሙና ልከናል ማለት ነው። ከመጫኑ በፊት የሚላከው ናሙና «ሙዌስትራ ፕሬቢያ አል ኤምባርኬ» ይባላል፤ ሁለቱ እንዳይምታቱ የትኛው እንደሆነ ይግለጹ። የታጠበ «ላባዶ»፣ ያልታጠበ «ናቱራል»፣ ደረጃው «ግራዶ» ነው።

ለራሳችሁ ጥያቄ፦ «ሌስ ሶሊሲታሞስ ኬ ኖስ ኮንፊርሜን ላ አፔርቱራ ዴ ላ ካርታ ዴ ክሬዲቶ አንቴስ ዴል 20 ዴ ማርሶ»፤ የባንክ መተማመኛ ሰነዱ መከፈቱን ከማርች 20 በፊት እንድታረጋግጡልን እንጠይቃለን። ቀን መጥቀሱ «አ ላ ማዮር ብሬቤዳድ»፣ በተቻለ ፍጥነት ከሚለው ይበልጣል። ፍጥነትን ሁሉም በራሱ ሰዓት ይለካዋል፤ ማርች 20 ግን ለሁሉም ማርች 20 ነው። ወሩን በፊደል ይጻፉት፤ ስፔኖች ቀንን አስቀድመው ስለሚጽፉ «4/2» ለእነሱ ፌብሩዋሪ 4 ነው፣ አሜሪካዊ አጻጻፍ የለመደ ሰው ግን ኤፕሪል 2 ብሎ ያነበዋል።

ከቀኑ ይልቅ ገንዘብ የሚያስከፍለው የቁጥር አጻጻፍ ነው። ባለ 60 ኪሎ 320 ኬሻ የሚይዝ አንድ ኮንቴይነር 19,200 ኪሎ ነው። በስፔን የሺህ መለያው ነጥብ ሆኖ «19.200» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ሰረዝ ደግሞ አሥርዮሽ ነው። እኛ «19,200» ብለን ስንልክ እነሱ አሥራ ዘጠኝ ከሁለት ብለው ሊያነቡት ይችላሉ። ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ግን እንደ እኛ ናቸው። ክብደትና ዋጋን በቁጥርም በፊደልም ይጻፉ፤ ወይም በሺዎቹ መካከል ክፍት ቦታ ብቻ ይተዉ።

ዋጋ ማቅረቢያ ስትጠይቁ ለስፔን «ፕሬሱፑዌስቶ»፣ ለላቲን አሜሪካ «ኮቲሳሲዮን» ነው። ሰላምታው «ኤስቲማዶስ ሴኞሬስ» ብሎ በሁለት ነጥብ ይዘጋል፤ እንደ እንግሊዝኛው በነጠላ ሰረዝ አይደለም። በአንድ ኢሜይል ሦስት ጥያቄ ካለ «ሶሊሲታሞስ»ን ሦስት ጊዜ ከመደጋገም አንድ ጊዜ ጽፎ ከሥሩ በቁጥር መዘርዘር ይሻላል።

ጥያቄ፦ አባቴ በልጅነታቸው ኩባ ውስጥ፣ ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ ነው የተማሩት። የትምህርት ማስረጃቸው ጠፍቶባቸዋል። ቅጂ ለመጠየቅ በስፓኒሽ ደብዳቤ ላዘጋጅላቸው እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚያች ደሴት የተማሩ ኢትዮጵያውያን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸውና፣ ይህ መልስ ለሌሎች ቤተሰቦችም ይጠቅም ይሆናል።

የኩባ ደብዳቤ ወግ ከስፔኑ ትንሽ ይለያል። «ፖር ኤስቴ ሜዲዮ ሶሊሲቶ…» ብሎ መጀመር የተለመደ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ አመለክታለሁ ማለት ነው። ቅጽ በስፔን «ኢምፕሬሶ» ወይም «ፎርሙላሪዮ» ሲባል በኩባ «ፕላኒያ» ነው። ኃላፊው ማን እንደሆነ ካላወቁ ሰላምታውን «አ ኪዬን ኮሬስፖንዳ» ያድርጉት፤ ለሚመለከተው ሁሉ ማለት ነው። በንግግር ኩባውያን «ቱ»፣ አንተ ወይም አንቺ ማለት ይቀናቸዋል፤ ደብዳቤው ላይ ግን በ«ኡስቴድ»፣ በ«እርስዎ» ይጽናሉ።

ዋናው ዓረፍተ ነገር፦ «ሶሊሲቶ ኬ ሴ ሜ ኤክስፒዳ ኡና ሴርቲፊካሲዮን ዴ ኖታስ ኢ ኡና ኮፒያ ዴል ቲቱሎ»፤ የነጥብ ማረጋገጫና የዲፕሎማ ቅጂ እንዲሰጠኝ። ይህ አባትዎ ራሳቸው ሲጽፉ ነው። እርስዎ ከጻፉ «ኤን ኖምብሬ ዴ ሚ ፓድሬ» ይጨመራል፤ «ሜ»ም ወደ «ሌ» ይለወጣል፤ ውክልና፣ በስፓኒሹ «ፖዴር»፣ ሳይጠየቁ አይቀሩም። በአባትዎ ፊርማ መላክ መንገዱን ያሳጥራል።

ፍለጋውን የሚያሰናክለው የስም ጉዳይ ነው። በስፓኒሽ አገር ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ ፋይሉም የሚደረደረው በመጀመሪያው የቤተሰብ ስም ነው። የኢትዮጵያዊ ሙሉ ስም ሲመዘገብ የአባት ስም እንደ አንደኛ፣ የአያት ስም እንደ ሁለተኛ የቤተሰብ ስም የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። አባትዎን በራሳቸው ስም ቢፈልጓቸው ላይገኙ ይችላሉ። ስለዚህ «ኖምብሬ»፣ «ፕሪሜር አፔዪዶ»፣ «ሴጉንዶ አፔዪዶ» ብለው ሦስቱን ለይተው ይጻፉ፤ ያኔ ስሙ በላቲን ፊደል እንዴት ተጽፎ እንደነበር የሚያሳይ አሮጌ ወረቀት ካለ እንደዚያው ይቅዱት፣ ዛሬ ፓስፖርት ላይ ያለውን ደግሞ ከጎኑ ያስፍሩ። የትምህርት ቤቱን ስም፣ የገቡበትንና የጨረሱበትን ዓመት፣ የሙያ ዘርፉን እና የትውልድ ቀናቸውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጨምሩ። የትውልድ ቀን ሲለወጥ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት እንዳይገባ ሌላ ሰው ያስተያዩ።

ጥያቄ፦ «ሶሊሲቶ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ በፊደሉ አናት ላይ የምትሰመረው የአነባበብ ምልክት ትደረጋለች ወይስ አትደረግም? ሁለቱንም አይቻለሁ።

መልስ፦ ሁለቱም አሉ፤ ትርጉማቸው ግን ይለያያል። ድምፁ «ሲ» ላይ ሲጠብቅ፣ ማለትም ጠንከር ብሎ ሲነገር፣ ምልክት የለውም፤ «እኔ አመለክታለሁ» ነው። መጨረሻው «ቶ» ላይ ሲጠብቅ ምልክቱ እዚያው ፊደል ላይ ይደረጋል፤ «እሱ ወይም እሷ አመለከተች» ይሆናል። «ሊ» ላይ ሲጠብቅና ምልክቱ እዚያ ሲውል ደግሞ ግሥ አይደለም፤ ተግቶ የሚያገለግል፣ አሳቢ ማለት ነው። ምልክት መርሳት አመልካቹን ከ«እኔ» ወደ «እሱ» ሊለውጠው ስለሚችል በትልልቅ ፊደል ሲጽፉም አይተዉት። በተጨማሪ «ሲ» የሚጻፈው «ሴ» በሚባለው ፊደል እንጂ «ኤሴ» በሚባለው አይደለም። በላቲን አሜሪካ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሚሰሙ ስህተቱ ይበዛል፤ በአብዛኛው ስፔን ግን ምላስ በጥርስ መካከል ወጥቶ ስለሚነገር ልዩነቱ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ለማመልከቻዬ የመጣው መልስ «ኤስቲማር ላ ሶሊሲቱድ» ይላል። «ኤስቲማዳ» ውድ ማለት አይደለም? ሰላምታ ነው ወይስ ውሳኔ?

መልስ፦ ውሳኔ ነው፤ ደስ ይበልዎት፣ ተፈቅዶልዎታል። በደብዳቤ መግቢያ ላይ «ኤስቲማዳ» የአክብሮት ሰላምታ ነው፤ በውሳኔ ላይ ግን «ኤስቲማር» ጥያቄውን መቀበል ነው። ተቃራኒው «ዴሴስቲማር» ሲሆን የሚለየው ከፊቱ ባለው «ዴስ» ብቻ ስለሆነ ቸኩሎ ያነበበ ሰው ይሳሳታል። «ኢናድሚቲር» ከሆነ ጉዳዩ ራሱ አልታየም፤ ለማየት እንኳ አልተቀበሉትም። «ኤን ትራሚቴ» ገና በሂደት ላይ ነው።

የተከለከለ ሰው የደብዳቤውን የመጨረሻ አንቀጽ ያንብብ፤ የትኛው አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብ እዚያ ተጽፏል። «ሬኩርሶ ዴ አልሳዳ» ለበላይ አካል፣ «ሬኩርሶ ዴ ሬፖሲሲዮን» ለወሰነው አካል ለራሱ ነው፤ የጽሑፍ ውሳኔ ከደረሰ ለሁለቱም ያለው ጊዜ 1 ወር ነው። ወሩ በቀን ሳይሆን በወር ይቆጠራል፤ ውሳኔው ማርች 10 ከደረሰዎት የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 10 ነው፣ የሥራ ቀን ካልሆነ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይሻገራል። አቤቱታውም እንደ ማመልከቻው «ኤክስፖኔ» እና «ሶሊሲታ» አለው፤ በሁለተኛው ላይ «ኬ ሴ ኤስቲሜ ኤል ፕሬሴንቴ ሬኩርሶ»፣ ይህ አቤቱታ ተቀባይነት እንዲያገኝ ብለው ይጻፉ።